በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ ልደት ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ሕፃን ሳለ ልደቱ በአብዛኛው የወላጆቹ በዓል ነው፤ ፊኛ ይሰቀላል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ልጁም አዲስ ልብሱን ለብሶ መሐል ይቀመጣል። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ያው ዝግጅት ያሳፍረው ይጀምራል፤ እናትና አባትም ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ይከፋቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት አዲስ አበባ ውስጥ ከሚኖሩ ወላጆች ዘወትር የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹን የጻፍኩት ሦስት ልጆቼን በዚህ ዕድሜ ሳሳልፍ ካየሁትና ከተሳሳትኩት ተነሥቼ ነው።

ልደቱ በየትኛው ቀን ይከበር፣ በእኛ አቆጣጠር ወይስ በፈረንጆቹ?

ሁለቱ ቀኖች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ስትሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ከፈረንጆቹ አንጻር በአንድ ቀን ይገፋል። ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 2004 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ የተወለደችው ኦክቶበር 1 ቀን 2011 ነው። በ2018 ዓ.ም. ግን መስከረም 20 የዋለው ሴፕቴምበር 30፣ ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ ኦክቶበር 1 ደግሞ ረቡዕ ስለነበረ የጾም ቀን ሆነ። እናት በመስከረሙ ስትቆጥር ጓደኞቿ ስልካቸው በሚያስታውሳቸው ቀን «እንኳን ተወለድሽ» ይሏታል፤ ልጅቷም በሁለቱ መካከል ትቆማለች። በቤታችን የወሰንነው ቤተሰቡ በኢትዮጵያው ቀን እንዲመርቅ፣ የጓደኞች ዝግጅት ደግሞ ለሁሉም በሚመቸው ቅዳሜ ወይም እሑድ እንዲሆን ነው፤ እስካሁንም አላጣላንም።

ልጃችን የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን ነው። ምን እናድርግ?

ጳጉሜን 6 የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5 ብታከብሩለት ይሻላል ባይ ነኝ፤ መስከረም 1 ላይ ካደረጋችሁት እንቁጣጣሽ ይውጠዋል፣ የልጁ ቀንም የማንም ቀን ሳይሆን ይቀራል።

ማንን እንጥራ? ዘመድ ካልተጠራ ይቀየማል።

ብዙ ወላጆች የሚጨነቁበት ይህ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ትልቋ ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አርባ ያህል ሰው ጠርቼ ነበር፤ አክስትና አጎት፣ የዕድር ሰዎች፣ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ሦስት ባልደረቦች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ከወጥ ቤት ወጣ ስል፣ ልጄ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አስራ፣ ለስላሳ የተደረደረበትን ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ለእንግዶች ታዞራለች። የጠራቻቸው ሦስት የክፍል ጓደኞቿ ሶፋው ጫፍ ላይ ተጣበው ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ። በገዛ ልደቷ አስተናጋጅ ያደረግኳት እኔ ነበርኩ፤ እርሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ልደት ይቅርብኝ አለች።

ከዚያ ወዲህ ልደቱን ለሁለት ከፍለነዋል። የዘመዱ ክፍል ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ዳቦው በአያት ወይም በቤቱ ታላቅ ሰው እጅ ተባርኮ የሚቆረስበት የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ጊዜ ነው፤ ልጁ እየተነሣ ጉልበት ይስማል፣ ይመረቃል፣ አሜን ይላል። ይህ መቅረት የለበትም። ልጆች በዚህ ዕድሜያቸው ምርቃት የሚሰለቻቸው ቢመስሉም፣ ትልልቅ ሰዎች ስማቸውን ጠርተው «እደግ፣ እደጊ» ሲሏቸው የሚሰማቸውን ፊታቸው ላይ ማየት ይቻላል። የጓደኞች ክፍል ደግሞ በሌላ ቀን፣ ከተቻለም በሌላ ቦታ ይሆናል፤ ለዚያ የሚጠሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር የሚጽፈው ልጁ ራሱ ነው። የእናንተ ድርሻ ስንት ሰው እንደሚበቃ መናገርና በዝርዝሩ ውስጥ የማታውቁት ስም ካለ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ዝርዝሩን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አምስት ሆነው አብረው ከሚውሉ ጓደኛሞች አራቱ ተጠርተው አንዷ ከቀረች፣ ነገሩ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ይደርሳል። ተጣልተው ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ባታስታርቋቸውም ልጃችሁ እያወቀ እንዲወስን ያደርጋል።

ስንት ልጆች ቢሆኑ ይበቃል?

ለቤት ከስምንት እስከ አሥራ አምስት። ከሃያ ሲያልፍ ወላጅ የማንንም ልጅ ፊት መለየት አይችልም።

ከወራቱና ከሳምንቱ ቀናት የትኛው ይመረጣል?

በቅድሚያ ከጾም አንጻር ተመልከቱት። ረቡዕና ዓርብ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ የጾም ቀናት ናቸው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትጾማለች፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር ሲታይ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ይዛችሁ አትገምቱ። የልጁ ልደት ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ከዋለ ማክበር አይቻልም ማለት አይደለም፤ የሚለወጠው ምግቡና ሰዓቱ ነው። በረመዳን የሚደረግ ልደት ከአፍጥር በኋላ እንዲሆን ካልተደረገ፣ ጾመኛ ጓደኛን ሌላው ሲበላ እንዲያይ ብቻ መጥራት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈተና ነው። ሰኔ ላይ በተለይ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ለሆነ ልጅ ቀኑን ወደ ክረምት መግፋት ይሻላል፤ ወላጆችም ልጃቸውን ሳይሳቀቁ ይልካሉ። የሐምሌና የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ግን አዲስ አበባ ላይ ቀልድ የለውም፤ በግቢ ወይም በሜዳ ያሰባችሁት ከሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምራችሁ ስምንት ሰዓት ላይ ብትጨርሱ ትጠቀማላችሁ።

በሌላው ወቅት ለእኔ ከሁሉ የተመቸኝ ሰዓት ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እኛ አገር አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዓመቱን ሙሉ ጨልሟል ወይም ለመጨለም ተቃርቧል፤ ሳይመሽ ያበቃ ዝግጅት የሌላውን ሰው ልጅ በጨለማ መንገድ ላይ አያስቀርም። የመጨረሻውን ሰዓት በጥሪው ላይ ጻፉት፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው።

ምን ዓይነት ምግብ እናዘጋጅ?

አንድ ዓመት ለልጄ ልደት ዶሮ ወጥና ጥብስ አዘጋጅቼ፣ ከእንግዶቹ አንዲት ልጅ ባዶ ሳሕን ይዛ ለረጅም ጊዜ መቆሟን አየሁ። ቀርቤ «ለምን አልበላሽም የኔ ልጅ?» ስላት «ጠግቤያለሁ እማማ» አለችኝ። ሙስሊም መሆኗን አውቅ ነበር፤ ለሰላጣ እንኳ ያቀረብኩት ማንኪያ ከወጡ ሲመላለስ የነበረ ነው። ያን ዕለት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥታ ሄደች። የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ነገር በአገራችን ትልልቆቹ ሁሉ የሚያውቁት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ለልጆች ልደት ሲሆን ግን እንዘነጋዋለን።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሁለት ዓይነት ሥጋ ከሁለት ቦታ ገዝቶ፣ በየራሱ ድስት ሠርቶ፣ በየራሱ ማውጫ በተለያየ ጠረጴዛ ማቅረብ ነው፤ በትልቅ ድግስ ላይ የተለመደ ነው፣ ይቻላልም። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ግን ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የሌለበት፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚበላው ማዕድ ነው፦ የምስር ሳምቡሳ፣ ችብስ፣ በቲማቲም ስልስ የተሠራ ፓስታ፣ የአትክልት ሩዝ፣ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ፣ ሰላጣ፣ ሐብሐብና ማንጎ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የሚጾመውም የማይጾመውም ከአንድ ሳሕን ያነሣል፤ ማንም «ጠግቤያለሁ» ለማለት አይገደድም። ልጆች በዚህ ዕድሜያቸው ቆመው፣ እያወሩ፣ በአንድ እጃቸው መብላት ስለሚመርጡ እንጀራና ወጥ ለዘመዱ ቀን ቢቆይ ይሻላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ከአባቱ የበለጠ ሊበላ እንደሚችል አስባችሁ አስሉ፤ ሳምቡሳ ለአንድ ልጅ ከሦስት አያንስም። ለውዝና እንቁላል የማይስማማቸው ልጆች ስላሉ በጥሪው ላይ አስቀድሞ መጠየቅ አይከፋም።

ቶርታውን መቼና ምን ያህል እንዘዝ?

ከሦስት አራት ቀን በፊት ማዘዝ በቂ ነው፤ በበዓል ሰሞን ግን ሳምንት ቀደም በሉ። ኬክ ቤቶች የሚሸጡት በኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ እንደ አቆራረጡ ለስምንት ወይም ለአሥር ሰው ይደርሳል። የጾም ኬክ ከፈለጋችሁ ስታዝዙ በግልጽ ተናገሩ፤ «ክሬሙስ?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ቂጣው ጾም ሆኖ ክሬሙ የወተት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በላዩ ላይ የሚጻፈውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ልጁ ምን እንዲጻፍለት እንደሚፈልግ ደግሞ ራሱን ጠይቁት፤ ቤት ውስጥ የምትጠሩበትን የቁልምጫ ስም በጓደኞቹ ፊት ማየት ላይፈልግ ይችላል።

ቤታችን ጠባብ ነው። የት እናድርገው?

በጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ግቢው ውስጥ ያለውን ኮሚናል (የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ከነዋሪዎች ኮሚቴ አስፈቅዳችሁ መያዝ ትችላላችሁ፤ ከአዳራሽ ኪራይ ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም። ለቅሶ ከደረሰ ግን ቅድሚያው የለቅሶው ነውና ሌላ ቦታ በልባችሁ ያዙ።

ከቤት ውጭ ለሚያስቡ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለዚህ ዕድሜ ተስማሚ ነው፤ ፈረስ፣ ብስክሌት፣ ጎካርትና ዚፕላይን ስላለ ልጆቹ ራሳቸው ይጫወታሉ፣ ወላጅም ከሩቅ ተቀምጦ ያያል። ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይበርዳል፤ ጃኬት እንዲይዙ ንገሯቸው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ የሚከፈለውን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ ስንቱን እንደምትከፍሉላቸው ወስኑ፤ እዚያ ደርሶ ግማሹ ሲጋልብ ግማሹ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ልደቱ ይበላሻል።

ዐሥር ልጅ ወስዶ ሜዳ ላይ ኳስ አጫውቶ፣ ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ ቤት ማብላትም ልደት ነው። ሁለተኛዋ ልጄ እስካሁን የምታነሣው እርሱን ነው።

የክፍል ጓደኛው ልደት በትልቅ ሆቴል ተከበረ፤ የእኛም እንደዚያ ይሁን ይላል። አቅማችን አይፈቅድም።

«አይቻልም» ብሎ ብቻ ማለፍ ልጁን ከቤቱ ኑሮ ውጭ ያደርገዋል። የምትችሉትን ገንዘብ ቁጥሩን ንገሩትና እርሳስና ወረቀት ስጡት፤ ኬኩን፣ ለስላሳውን፣ ሳምቡሳውን፣ ትራንስፖርቱን ዋጋ ጠይቆ ራሱ ይደምር። ሴት ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷን ስታከብር ይህን አድርገን፣ እርሷ ራሷ የዲኮሩን ወጪ ሙሉ በሙሉ ሰርዛ በዚያው ገንዘብ ሁለት ተጨማሪ ጓደኞቿን ጠራች። ፊኛውን ከእኅቷ ጋር ሲነፉ አመሹ፤ ከመካከላቸው ስድስቱ ማታውኑ ፈነዱ፣ ሳቃቸው እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። ብድር ገብቶ ልደት ማክበር ግን በምንም መንገድ አልመክርም፤ የወር አስቤዛውን የነካ ድግስ ልጁ ራሱ ሲደርስበት ያሳፍረዋል።

ትንሽ ቢራ ወይም ጠጅ ለወግ ያህል ቢቀርብስ?

አይቀርብም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ በቤታችሁም ቢሆን የሌላውን ሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ የማጠጣት መብት የላችሁም። «አንድ ብርጭቆ ምን ይላል» የሚል አጎት በየቤቱ አለ፤ እርሱን ከቀኑ በፊት ለብቻው አናግሩት። በር ላይ የሚገባውን ቦርሳ መፈተሽ ግን ልጆቹን ማዋረድ ይሆናል፤ ልጃችሁ ራሱ ለጓደኞቹ አስቀድሞ እንዲነግራቸው አድርጉ።

እኛ ወላጆች የት እንሁን?

ቤት ውስጥ፣ ግን ሳሎን ውስጥ አይደለም። ምግብ ሲቀርብና ሻማው ሲበራ ትገባላችሁ፣ እልል ትላላችሁ፣ ትመርቃላችሁ፣ ትወጣላችሁ። በየሃያው ደቂቃ ውኃ ወይም ናፕኪን ይዞ ብቅ ማለት ይቻላል፤ ልጆቹ የሚመጣ ሰው እንዳለ ካወቁ ይበቃል። ወንዶችና ሴቶች አብረው ስለመጨፈራቸው የሚጨነቁ ወላጆች አሉ፤ በእኔ እምነት መብራቱ እንደበራ፣ የሳሎኑ በር እንደተከፈተ ከቆየ ቦታውን ለእነርሱ መተው ይገባል። ልጃቸው ከወንዶች ወይም ከሴቶች ጋር እንዲጨፍር የማይፈልጉ ቤተሰቦች ካሉ ግን ፈቃዳቸው ይከበር፤ ልደት ጨርሶ የማያከብሩም አሉ፣ ለምሳሌ የይሖዋ ምሥክሮች አያከብሩም፤ ልጃቸው ካልመጣ ልጃችሁ እንዳይቀየም አስቀድማችሁ አስረዱት።

ፎቶና ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ቢለቀቅስ?

ጓደኛሞቹ ከመጀመራቸው በፊት ልጃችሁ አንድ ነገር ይናገር፦ ያልፈለገ ሰው ፊት አይለቀቅም። ቤተሰቧ የማያውቀውን ልብስ ለብሳ የመጣች ልጅ ልትኖር ትችላለች፤ አንድ የአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። እናንተም ብትሆኑ የልጃችሁን የሕፃንነት ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አሳዩት።

ሙዚቃው ጎረቤት ቢረብሽ?

ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉትን ጎረቤቶች አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አንኳኩና ንገሩ፤ በማግሥቱም ቁራሽ ኬክ ላኩላቸው። በአካባቢው የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ከሆነ ሙዚቃው ጨርሶ አይከፈትም፤ ቀኑን ማዛወር ካልቻላችሁ ልጆቹ በጨዋታ ያሳልፉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የስፒከሩን ባትሪ ከሌሊቱ ጀምራችሁ ሙሉት።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በቪዲዮ መግባት ይፈልጋሉ። ስንት ሰዓት ይሁን?

አዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሪያድም ያው ሰዓት ነው፤ ዱባይ አሥር ይላል። ዋሽንግተን ግን በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ ማለዳ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አክስት ስልክ የምትይዝበት ሰዓት የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን እርሷ ትምረጥ። ይህ ጥሪ ለዘመዱ ቀን ቢሆን ይሻላል፤ በጓደኞቹ ፊት ስልኩ እየዞረ «ተናገር እንጂ» መባሉ ልጁን ይጨንቀዋል።

እንግዶቹ እንዴት ወደ ቤታቸው ይመለሱ?

የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ ስልክ ቁጥር ከጥሪው ጋር ተቀበሉ፤ ማን እንደሚወስደው፣ በታክሲ ወይም በራይድ የሚሄድ ከሆነም ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ሠፈር የሚሄዱትን አብራችሁ አሳፍሯቸው። የመጨረሻው ልጅ «ደርሻለሁ» ብሎ እስኪደውል ድረስ ልደቱ አላበቃም፤ እኔ እስከዚያ ድረስ ሳሕን አላጥብም።

ልጄ ልደት አልፈልግም ይላል። እንተወው?

ምክንያቱን ሳታስገድዱ ጠይቁ። አንዳንዱ የሚጠራው ጓደኛ የለውም ብሎ ይፈራል፤ አንዳንዱ የቤቱን ወጪ አይቶ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በእውነት ግርግር አይወድም። የመጨረሻው ልጄ አሥራ ሰባት ሲሞላው ሰው እንዳይጠራ ለመነኝ። በቀኑ ከአባቱ ጋር ፒያሳ ወጥተው በእግራቸው እየተዘዋወሩ አምሽተው ተመለሱ፤ ምን እንዳወሩ ዛሬም አላውቅም። በማግሥቱ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ዳቦውን ራሱ ቆረሰ፣ ለእኔ ከመሐሉ፣ ለእኅቶቹ ከጠርዙ፣ የቀረውን በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።